የነቢዩ ሞገድ

ወንደሰን በሶዶ ከተማ የአንድ ኤፍኤም ጣቢያ ቴክኒሻን ነው። ሰውን በሁለት ይከፍላል፦ ሞገድ የሚያውቅና የማያውቅ። የማያውቁት ያስቁታል።

በዚያ ሰሞን ከሁሉ ያሳቀው ነቢይ ኤልሳዕ ነበር። ነቢዩ ከከተማው ዳር ድንኳን ተክሎ፣ አይቶት የማያውቀውን ሰው በስሙ እየጠራ የቤቱን ጉድ ይነግረዋል። ሕዝቡ ከቦዲቲ፣ ከቦምቤ ድረስ በአይሱዙ ተጭኖ ይመጣል። የወንደሰን እናት ወይዘሮ ፈጠነች እንኳ ሳይቀሩ ከሁምቦ መጥተው ነበር።

«መንፈስ ነው የሚነግረው» አሉት ለልጃቸው።

«በስንት ሜጋኸርዝ?» ብሎ ሳቀባቸው። አኩርፈው ሄዱ።

እሑድ ወንደሰን የእጅ መገናኛ ሬዲዮ ጃኬቱ ውስጥ ደብቆ፣ ማዳመጫውን ጆሮው ላይ ሰክቶ ድንኳኑ ገባ። ሬዲዮውን እንዳይረብሽበት ስልኩን ከማለዳው አጥፍቶታል። ኤፍኤም ከመቶ ስምንት አያልፍም፤ ከዚያ በላይ ያለውን ተራ ሬዲዮ አይሰማውም። ሌባ የሚደበቀው እዚያ ነው ብሎ ወደ ላይ ፈተሸ። አራት መቶዎቹ ውስጥ፣ የሆቴል ዘበኞች ከሚነጋገሩበት አጠገብ፣ ሹክሹክታ ያዘ።

«ሦስተኛ ረድፍ፣ ቢጫ ሻርፕ። ሊድያ ትባላለች። ልጅ አልወለደችም።»

ነቢዩ እጁን ዘረጋ። «ሊድያ የምትባል እህት አለች» አለ። ሊድያ እያለቀሰች ተነሣች።

ሹክ የምትለው ማክዳ ናት፤ በር ላይ ቆማ እንግዳውን ሁሉ «ከየት መጣሽ? ምን ሆነሽ ነው?» እያለች የምትቀበለው አስተናጋጅ። ሲደክማት አንድ ወንድ ይተካታል።

ወንደሰን ወጥቶ ከድንኳኑ ጀርባ ቆመ። በአንድ ሞገድ ላይ ሁለት ሰው ሲናገር የቀረበው የራቀውን ያፍናል።

«አምስተኛ ረድፍ፣ ግራጫ ጃኬት» አለ በሬዲዮው ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ወንደሰን ይባላል። እናቱ ፈጠነች፣ የሁምቦ ሰው። ዛሬ ጠዋት አርፋለች። እሱ ገና አልሰማም።»

ተመልሶ ቦታው ላይ ተቀመጠ።

ነቢዩ ዐይኑን ጨፈነ። «ወንደሰን የሚባል ወንድም አያለሁ። እናቱ ፈጠነች ዛሬ ጠዋት ወደ ጌታ ሄዳለች።»

አንዳንዶቹ ማልቀስ ጀመሩ። ወንደሰን እየሳቀ መድረኩ ላይ ወጣና ማይኩን ቀማው።

«መንፈሱ እኔ ነኝ» አለ ሬዲዮውን ከፍ አድርጎ። «እዚህ ጀርባ ቆሜ፣ ከራሴ ፈጥሬ ነገርኩት። ጆሮውን ፈትሹት። እናቴ ደህና ናት፤ አሁን ራሷ ትነግራችኋለች።»

የኤልሳዕ እጅ ወደ ጆሮው ሄደ። ማክዳ ሹልክ ብላ ወጣች። ሕዝቡ መጮህ ጀመረ። ወንደሰን እንዲህ ደስ ብሎት አያውቅም።

ስልኩን ከፍቶ ወደ እናቱ ደወለ፤ የስልኩን ድምፅ ማጉያ ከፈተና ማይኩ ላይ አስጠጋው። ያነሡት ጎረቤታቸው አቶ ኤርካሎ ናቸው።

«ጋሽ ኤርካሎ፣ እማን አቅርቡልኝ» አለ። «ሕዝቡ ድምፅዋን መስማት ይፈልጋል።»

ከኤርካሎ ኋላ የብዙ ሰው ድምፅ ይሰማል።

«ስልክህ ከጠዋት ጀምሮ ዝግ ነው፣ ልጄ» አሉ። «የላክናቸው ሽማግሌዎች አልደረሱም እንዴ?»