ሠላሳ ጊዜ በሰከንድ

ስክሪኑ ለሦስተኛ ጊዜ ድርግም ብሎ ጠፋና ተመልሶ በራ። የሆቴሉ ሥራ አስኪያጅ ወንድይፍራው ከኋላዬ ቆሞ፣ በጠፋ ቁጥር "ኤጭ!" ይላል።

"ተሜ፣ ፎር ኬ ነው ተብሎ ነው የተገዛው። ፎር ኬ ያሳየኝ!"

"ስክሪኑማ ያሳያል፣ አቶ ወንድይፍራው። ያቃተው ገመዱ ነው። አሮጌ ነው። ይህን ሁሉ የምስል ነጥብ በሰከንድ ስድሳ ጊዜ ተሸከም ሲሉት ወገቡ ይቆረጣል። ወይ አዲስ ይግዙልኝ፣ ወይ ጥራቱን ልቀንሰው።"

"ጥራቱን እንዳትነካ! ነገ ቱሪስቶች ይገባሉ።"

ግድግዳ የሚያህል ስክሪን ገዝቶ ገመድ ላይ የሚሰስት! በሬ ገዝቶ ማሰሪያ እንደሚለምን ሰው። ምን ላድርግ፣ ጥራቱን ሳልነካ ምስሉ የሚታደስበትን ፍጥነት ከስድሳ ወደ ሠላሳ አወረድኩት። ለገመዱ ሸክሙ ቀለለለት፤ ስክሪኑም ረጋ።

"ይኸው! ይቻል የለ እንዴ!" አለ ወንድይፍራው፣ ራሱ እንደሠራው ሁሉ።

ፎቶዎቹን በፍላሽ ለሆቴሉ ትቷቸው የሄደው አንድ ፈረንጅ ነው። በየአምስት ሰከንዱ ይቀያየራሉ። የኦሞ ወንዝ አለፈ፣ የዲመካ ገበያ አለፈ። ከዚያ አንዲት ወጣት መጣች። የአንገቷ ጨሌ አንድ በአንድ ይለያል፤ ሽፋሽፍቷ ላይ ያረፈው አቧራ ሳይቀር ይታያል።

ከኋላችን ጄሪካን ዱብ አለ። ዞር ስል ሻንቆ ነው፤ ከአልዱባ ለሆቴሉ ኩሽና ማር የሚያመጣው የበና ሰው።

"ጋይቶ" አለ።

ምስሉ ተቀየረ።

"የት ሄደች? ልጄ ናት። መልሳት!"

ልጁ ባለፈው ክረምት በወሊድ እንደሞተች ኩሽና ሲያወሩ ሰምቼ ነበር። መልኳን ግን አላውቀውም። ላፕቶፔ ላይ ፎቶዎቹን ወደ ኋላ መለስኩና አቆምኳት።

ሻንቆ ተጠጋ። ሳይነካት ጣቱን ወደ ቅንድቧ ቀሰረ። እዚያ ላይ ከፀጉር የማትወፍር ጠባሳ አለች።

"ትንሽ ልጅ ሆና ፍየል ወግቷት ነው" አለ። "ረስቼው ነበር። እዩኝ እስቲ፣ እኔ አባቷ ረስቼው ነበር።"

"ቤት ፎቶ የላችሁም፣ አባባ?" አልኩት። ምላሴን በቆረጠው!

"ስንቱ መጥቶ አነሳት። ለእኛ ማን ሰጠን? እናቷ፣ መልኳ ጠፋብኝ እያለች ታለቅሳለች። ስጠኝ፣ ልውሰድላት።"

ወንድይፍራው መሃል ገባ። "አይቻልም! ፎቶው የፈረንጁ ነው። እዚህ እንዲታይ ብቻ ነው የፈቀደው። ተሜ፣ አንዲት ፎቶ ብትወጣ ከዚህ ቤት እንጀራህ አለቀ!"

"ልጅቷ የእኔ ናት" አለ ሻንቆ።

"ፎቶው ግን ያንተ አይደለም።"

መናገር ነበረብኝ። የሆቴሉን ካሜራና ኢንተርኔት የምሠራው እኔ ነኝ፤ ሌላ ቋሚ ሥራ የለኝም። ሆድ ይፍጀው ብዬ ላፕቶፑ ላይ አቀረቀርኩ።

ወንድይፍራው ስልክ ተደውሎለት ወደ በረንዳ ወጣ። ውጭ የአልዱባ ሚኒባስ ጥሩምባውን ያስጮኻል። ሻንቆ በሩን አየ፣ እኔን አየ፤ ንቅንቅ አላለም።

አንድ ዘዴ መጣልኝ፤ የፈሪ ዘዴ። ፎቶውን አላወጣሁም፣ ስክሪኑን ነው ያነሳሁት ብል ማን ይከሰኛል? ስልኬን አውጥቼ አነሳኋት። ጥቁር መስመር ዓይኖቿን ሸፈናቸው። ደገምኩ፤ መስመሩ አፏ ላይ ወረደ። ደግሜ ባነሳት ተመልሶ ዓይኗ ላይ ወጣ። ለዓይናችን አይታወቅም እንጂ ስክሪን ሁልጊዜ ይርገበገባል፤ የስልኬ ካሜራና እሱ እርምጃቸው አልገጠመም። ላስተካክለው ጊዜ አልነበረም፤ ጥሩምባው ደገመ። መጨረሻ ያነሳሁትን በእንግዳ መቀበያው ፕሪንተር አትሜ ሰጠሁት።

ሻንቆ ወረቀቱን በሁለት እጁ ተቀብሎ ብዙ አየው።

"ዓይኗስ?"

"ገመዱ ነው፣ አባባ" ብዬ ዋሸሁት።

ራሱን ነቀነቀ። የገመድ ነገር የገባው መሰለ። "እግዜር ይስጥልኝ፣ ልጄ" ብሎ ወረቀቱን አጥፎ በደረቱ ከተተው። ከመውጣቱ በፊት አንዴ ዞሮ ስክሪኑን አየ። ከዚያ ወደ ሚኒባሱ ሮጠ።

ዋናው ፎቶ ያለበት ፍላሽ ኪሴ ውስጥ ነበር። ሁሉንም ላፕቶፑ ላይ ገልብጬ ስጨርስ ኪሴ ከትቼው ነበር። ከስክሪኑ እስከ ፕሪንተሩ ስመላለስ ጭኔን ሲወጋኝ ነበር።

ወንድይፍራው ተመለሰ። "ይቺ ደግሞ ምን ገትሯት ነው? አስቀጥለው እንጂ!"

አስቀጠልኩት። ጋይቶ ሄደች፣ ከብቶች መጡ። ፎቶዎቹን የደረደርኳቸው እኔ ስለሆንኩ አውቀዋለሁ፤ በአራት ደቂቃ ውስጥ ተመልሳ ትመጣለች። ከዚያ በፊት ለመውጣት ዕቃዬን በጥድፊያ መሰብሰብ ጀመርኩ።