ጉድጓድ የበዛበት ከተማ

ኂሩት ከልጇ ከዲና ጋር ከሱቁ ስትወጣ አባቷን ያስቀመጠችበት አግዳሚ ባዶ ነበር። የውሃ ጠርሙሳቸው ብቻ ጥላው ላይ ቆሟል።

"አባባስ?" አለች።

ባሏ ጋሻው መንገዱን ተሻግሮ አንድ የዛገ የቁፋሮ መኪና ፎቶ ሲያነሳ ነበር። ካሜራውን ከዓይኑ አወረደ። "ካንቺ ጋ ገቡ ብዬ ነው እኮ።"

"እኔ ደግሞ አንተ ታያቸዋለህ ብዬ።"

ሁለቱም መንገዱን ወደ ላይና ወደ ታች ተመለከቱ። የሚንቀሳቀስ ነገር አልነበረም። በዚህ የአውስትራሊያ በረሃ ሰዉ ከሙቀቱ ሸሽቶ ኮረብታውን ፈልፍሎ ነው የሚኖረው፤ እኩለ ቀን ላይ ውጭ የሚታየው አቧራና ቱሪስት ብቻ ነው። በየአቅጣጫው ደግሞ ነጫጭ የአፈር ክምር አለ። ከእያንዳንዱ ክምር አጠገብ፣ ኦፓል የሚባለውን የከበረ ድንጋይ ፍለጋ ተቆፍሮ እንደ ተከፈተ የተተወ ጉድጓድ አለ። ጠዋት ሲገቡ መንገድ ዳር አንድ ሰው በጭንቅላቱ ጉድጓድ ውስጥ ሲወድቅ የሚያሳይ ምልክት አይተው ነበር። የዘጠኝ ዓመቷ ዲና ጽሑፉን ጮክ ብላ አንብባ ለአያቷ ተረጎመችላቸው፦ "አትሩጡ፣ ወደ ኋላ አትራመዱ ይላል፣ አባባ።" አቶ ወንድይራድ ስቀው ነበር።

ኂሩት እናቷ ካረፉ በኋላ ነው አባቷን ከአዲስ አበባ ወደ ለንደን ያመጣቻቸው። ካለፈው ክረምት ወዲህ መርሳት ጀመሩ። አንድ ቀን ዳቦ ሊገዙ ከሰፈራቸው ከኪልበርን ወጥተው ፖሊስ ራቅ ካለው ከሃርልስደን መለሳቸው። የአውስትራሊያው ጉዞ ነገር ሲነሳ ጋሻው "ጎረቤታችን አልታየሽ ጋ ይቆዩ፣ እሷ ትጠብቃቸዋለች፤ ያ ሁሉ መንገድ ይከብዳቸዋል" ብሎ ነበር። ኂሩት ናት "አባቴን ትቼ ሽርሽር አልሄድም" ያለችው።

አሁን ጋሻው ያንን አላነሳባትም። "እኔ ፖሊስ ጣቢያ ልሂድ፣ እናንተ በዚህ በኩል እያያችሁ ውጡ" ብቻ ብሎ ሮጠ። ቢቆጣት ይቀላት ነበር።

የዲናን እጅ ጨብጣ ዳገቱን ወጣች። የመጀመሪያው ጉድጓድ ጋ ስትደርስ ልጅቷን ራቅ አድርጋ አቆመችና ተንበርክካ ወደ ውስጥ አየች። ጨለማ ነው። "አባባ!" ብላ ተጣራች። ድምፅዋ ወደ ታች ወርዶ ቀረ።

"ማሚ፣ ኢዝ ሂ ዳውን ዜር? እታች ናቸው?"

"ዝም በይ። ከቆምሽበት አትነቃነቂ።"

ሁለተኛውም፣ ሦስተኛውም እንደዚያው ነበር። አራተኛው ጋ ስትደርስ መጣራት አቃታት። እመቤቴ፣ አደራሽን፣ አለች በሆዷ።

"የአባባ ሹዝ" አለች ዲና።

ኮረብታው ተቆርጦ እንደ ግድግዳ በቆመበት፣ አንድ የጠቆረ ቀዳዳ አፍ ላይ፣ የአባቷ ጥቁር ጫማ ጎን ለጎን ተቀምጧል። ካልሲዎቹ ተጣጥፈው ውስጡ ገብተዋል። ጫማውን አውልቆ ጉድጓድ የሚገባ ሰው ምን አስቦ ነው? ኂሩት ዓይኗን ከጫማው ማንሳት አልቻለችም። ቀና ብላ ያየችው ዲና ናት።

"መስቀል አለ፣ ማሚ።"

እውነትም ከቀዳዳው በላይ የብረት መስቀል ተተክሏል። ወደ ውስጥ ደግሞ ደረጃ ይወርዳል። ኂሩት ጫማዋን አሽቀንጥራ ጥላ ወረደች፤ ዲናም ተከተለቻት።

ውስጡ ቀዝቃዛ ነበር። ቀዩ ድንጋይ የቁፋሮ መኪና ጥርስ የተወውን ጭረት እንደ ያዘ ነው፤ ግድግዳው ላይ እመቤታችን ልጇን ታቅፋ ተሥላለች፣ ከሥሯ ጧፍ ይበራል። አቶ ወንድይራድ ባዶ እግራቸውን አግዳሚ ላይ ተቀምጠዋል። ከጎናቸው የቁልፍ ዘለላ የያዘ አንድ ሽማግሌ ፈረንጅ አለ።

"ቀስ በሉ እንጂ፣ ቤተ ክርስቲያን ነው" አሉ አባቷ። "ምነው ቆያችሁ? ጠፋችሁብኝ እኮ። ይህን ሰውዬ ፈልግልኝ እንዳልለው በምን ቋንቋ ይስማኝ።"

ሽማግሌው ተነሥቶ እጁን ደረቱ ላይ አደረገ። "ሰርቢያ፣ ኦርቶዶክስ" አለ። ከዚያ ወደ አባቷ አመለከተ። "ኦርቶዶክስ።" ሌላ የሚጨምረው ስላልነበረ ተመልሶ ተቀመጠ።

ኂሩት ልታመሰግነው ፈልጋ ሳቅ ቀደማት፤ ሳቁ መሀል ላይ ወደ ልቅሶ ዞረባት። ወለሉ ላይ፣ አባቷ እግር ሥር፣ ቁጭ አለች።

"ምን ሆንሽ? ፊትሽ አመድ መስሏል።"

"ምንም አልሆንኩም፣ አባባ። ፀሐይ ነው።"

"አረፍ በይ እንግዲህ። እዚህ ደህና ነው።"

ከላይ ጋሻው በሩቅ ሲጣራ ተሰማ። ዲና ደረጃውን እየዘለለች ወጣች። "ዳዲ! እዚህ ናቸው፣ ሂ ኢዝ ሂር!" ስትል ኮረብታው መለሰላት።

የአባቷ እግር ቀዩን ድንጋይ ረግጦ በአቧራው ቀልቷል። ኂሩት ሻሿን ፈታች፤ ጫፉን በጧፉ ብርሃን ይዛ በጣቶቻቸው መሀል የገባውን አቧራ ቀስ ብላ መጥረግ ጀመረች። ጎንበስ ብለው አዩዋት። ሌላ ቀን ቢሆን "ተይ፣ ነውር ነው" ይሏት ነበር። አንዱን ስትጨርስ ሁለተኛውን እግራቸውን ዘረጉላት።