ከሰማዩ ጥግ ያለች እድፍ

ወንድሟ ከጠፋ ዛሬ አሥራ አንድ ቀኑ ነው። እናቷ በየሰዓቱ እየደወለች፣ “ያ እታለም እታለም ሲልሽ የሚውለው ልጄ ላንቺም አልደወለም?” ትላታለች። እሷም “አልደወለም እማዬ” ብላ ስልኩን ትዘጋና አሮጌ ፊልም የማደስ ሥራዋ ውስጥ ትደበቃለች።

የተሰጣት፣ በዲስክ ሊወጣ የታሰበ ስልሳ ዓመት ያለፈው የካውቦይ ፊልም ነው። ምስሉን አንድ በአንድ እያየች ጭረቱንና እድፉን ታጠፋለች። ሰባት ፈረሰኞች በረሃውን ሲያቋርጡ፣ ከኋላቸው ከሰማዩ ጥግ ቁንጫ የምታክል ጥቁር ነጥብ ነበረች። እድፍ ናት ብላ ከጠዋት ጀምራ ከየምስሉ ስትፍቃት አረፈደች።

ከሰዓት በኋላ ወደ ቀጣዮቹ ምስሎች ስትደርስ ነጥቧ አደገች፤ እግር አወጣች። ሰው ነው። እጁን እያወናጨፈ ወደ እሷ ይሮጣል፤ ከፈረሰኞቹ አንድም ዞር ብሎ አያየውም። ፊቱ ሳይለይ ሹራቡ ተለየ፦ እናታቸው ክር አልቆባት አንዱን እጅጌ በነጭ የጨረሰችው ሹራብ።

“ወይኔ ወንድሜን!”

የፋቀችውን ለመመለስ ቁልፉን ደጋግማ ደበደበችው፤ እምቢ አለ። ወንድሟ ስክሪኑን ሞልቶ አፉን ከፈተ። ከነፋሱ በቀር ድምፅ የለም።

ያኔ ትዝ አላት። ትናንት ድምፁን ስታጸዳ፣ ከዚሁ ቦታ ላይ አንዲት የምትረብሽ ጩኸት ቆርጣ ጥላለች። ቁራጯ ገና ከኮምፒውተሩ ቅርጫት አልወጣችም። ፈልጋ ከፈተቻት።

“እታለም! እኔ ነኝ፣ አታጥፊኝ!”