ጠይብ ሐሙስ ሐሙስ የት ነበር የሚጠፋው?

አውቶቡስ ተራ ጋ ስንደርስ እርምጃዬን ቀነስ አደረግኩ… ዞር ካለ ያየኛል።

ባለቤቴ ጠይብ ግን ዞር አላለም።

ይህ ራሱ ገረመኝ። ጠይብ እኮ መንገድ ላይ ሰላም የሚለው ሰው ካገኘ፣ የራሱን ጉዳይ ረስቶ ከዚያ ሰው ጋር የሚሄድ ሰው ነበር።

ያን ቀን ግን ሐሙስ ነው… ሐሙስ ሐሙስ ደግሞ ጠይብ ይጠፋል።

የት እንደሚሄድ አላውቅም።

ጊዜው የከተማው ባቡር ሥራ የጀመረበት ዓመት ነው። እሱና የአጎቱ ልጅ ሱፍያን ጎጃም በረንዳ በሽርክና ሳፋና ባልዲ በጅምላ ይሸጡ ነበር።

ጎረቤቶቻችን «ጠይብ ሱቅ የለውም፣ መርካቶ በሙሉ ሱቁ ነው» እያሉ ይስቁበታል። ዝርዝር ብር ሊያመጣ ይወጣል… እህል በረንዳ ቆሞ፣ በማይገዛው ጤፍ ዋጋ ሲከራከር ይገኛል።

ቤትም ያው ነው። ማታ ማታ ጮክ ብዬ መጽሐፍ አነብለታለሁ። ደስ ይለዋል። ግን ገና መሃሉ ላይ ስደርስ ተነስቶ አምፖል ሊቀይር ይሄዳል።

አምፖሉ እኮ ይሠራል።

በዚያ ሰሞን የጅማ ደንበኛችንን ዕቃ ደሴ በሚሄድ አውቶቡስ ላይ አስጭኖ መጣ። ሱፍያን እንዲህ ከቀጠለ ሽርክናው እንደሚፈርስ ሲነግረው በጆሮዬ ሰማሁ።

እና ይህ ሰው በየሳምንቱ የት ነው የሚሄደው?

ሌላ ሴት?… ወይስ የደበቀኝ በሽታ?

አንድ ፎቅ ውስጥ ገባ። ተከትዬው ደረጃውን ወጣሁ። በሩ ላይ የአእምሮ ሕክምና ልዩ ክሊኒክ ይላል።

በሩን ገፋ አድርጌ ገባሁ።

ጠይብ አግዳሚው ላይ ተቀምጦ እግሩን ያወዛውዛል። ሲያየኝ እንኳ አልደነገጠም።

«መጣሽ? በይ ተቀመጪ፣ ወረፋው ረጅም ነው።»

ዶክተሯ ሔርሜላ ትባላለች። ስለ ልጅነቱ፣ ስለ ትምህርቱ፣ ስለ ሥራው ደጋግማ ጠይቃ መርምራዋለች። ኤዲኤችዲ ይባላል አለችኝ። ስንፍናም ንቀትም አይደለም፤ ከልጅነት ጀምሮ ትኩረትን አንድ ቦታ አላረጋ የሚል ችግር ነው።

ኪኒን አስጀምራዋለች፤ መጠኑ ግን አልገጥም ብሏታል። ከፍ ስታደርገው ልቡ ይደልቃል፣ እንቅልፍ ያጣል። ዝቅ ስታደርገው ተመልሶ እህል በረንዳ ይገኛል።

«ልብዎ የሚደልቀው ሁልጊዜ ከሰዓት በኋላ ነው» አለች። «ከሰዓት ምን ይሠራሉ፣ አቶ ጠይብ?»

«ሥራ ነዋ።»

እኔ ዝም ማለት አቃተኝ። «ዶክተር፣ ከምሳ በኋላ እኮ ይቅማል።»

ዶክተሯ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። «ሱስ አለብዎት ወይ ስልዎት የለብኝም አሉኝ እኮ።»

«የለብኝማ» አለ ጠይብ፣ ከልቡ። «ሲጋራ አላጨስ፣ መጠጥ አልጠጣ። ጫቱ ሥራ ነው። ከነጋዴዎቹ ጋር በርጫ ካልተቀመጥኩ ማን ዕቃ ያነሳልኛል?»

ሳቋን ዋጥ አደረገች። ጫትም እንደ ኪኒኑ የሚያነቃቃ ነገር እንደሆነ አስረዳችው።

«ጠዋት የእኔ፣ ከሰዓት የእርስዎ… ልብዎ ለሁለት ጌታ ነው የሚያድረው።»

አንዱን መምረጥ አለበት።

የመርካቶ ሰው ይገባዋል… በርጫ መተው ማለት ወዳጅ መተው፣ ወሬ መተው፣ ገበያ መተው ነው። ሱቁ ደግሞ በቋፍ ላይ ነበር።

«የእርስዎ ኪኒን ይሁን» አለ በመጨረሻ።

ኪኒኑ ከትንሹ እንደገና ተጀመረ። የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ጫት ሲተው የሚመጣው ቅዠት፣ ዱካኩ፣ አላስተኛው አለ። በርጫው ላይ ኦቾሎኒና ውሃ ይዞ ሲቀመጥ፣ ጓደኞቹ ዝንጀሮ መጣ እያሉ ቀለዱበት።

ቆይቶ መጠኑ ከፍ ሲል ያልጠበቅነው ነገር መጣ… ጠይብ ጭምት ሆነ። ጠዋት ሱቅ ገብቶ እስከ ማታ አይነቃነቅም፣ አይቀልድም።

ጎረቤታችን እትዬ ባይነሽ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው መጡ።

«ማን ነው የሞተባችሁ? ለምን ለእኛ አልተነገረንም?»

ይህንኑ ለዶክተሯ ነገርናት። እሷም ስቃ መጠኑን ትንሽ ዝቅ አደረገችው።

ቀልዱ ተመለሰ። እሱ ግን ሱቁ ውስጥ ቀረ።

በዚያ ሰሞን አንድ ምሽት እያነበብኩለት ደከመኝና መሃል ላይ አቆምኩ።

«ከዚያስ?» አለኝ።

ቀና ብዬ አምፖሉን አየሁት።

ጠይብን ከሁለት ዓመት በኋላ በመኪና አደጋ አጣሁት።

ለቅሶው ላይ ሱፍያን አጠገቤ ተቀመጠ። ለዚያ ሱቅ ሲል ስንቱን ነገር ቻለ እያልኩ ሳለቅስ ራሱን ነቀነቀ።

«ለሱቁ አይደለም፣ ጠሂራ። ዕቃው ደሴ ከመግባቱ በፊት ነው ክሊኒክ የጀመረው። በኋላ ጠይቄው ነግሮኛል።»

«ምን አለህ?»

«‹ጠሂራ ማታ ማታ ታነብልኛለች፤ አንድም ታሪክ ሲያልቅ ሰምቼ አላውቅም። እንዴት እንደሚያልቅ ማወቅ አማረኝ› አለኝ። ካልተሳካልኝ እንዳታዝን ብሎ ነው የደበቀሽ።»

…

አሁንም ማታ ጮክ ብዬ አነባለሁ። መሃል ላይ ቆም እላለሁ…

ከዚያስ የሚለኝ የለም።

ወገኖቼ፣ ወሬያችንን ሳንጨርስ ተነስቶ የሚሄድ ሰው ሁሉ ንቆን አይደለም። አንዳንዱ እኛን ለመስማት እየታገለ ነው፤ ትግሉን ግን አናይለትም። አመሉ ነው ብለን ከመዝጋታችን በፊት እስቲ እንጠይቀው። ሐኪም ዘንድ ስትሄዱም ሁሉንም ንገሩ… እናንተ ሥራ ነው የምትሉትንም ጭምር።

እናንተስ… ታሪካችሁን እስከ መጨረሻው ለመስማት የታገለላችሁ ሰው ማን ነው?

ከታች ጻፉልኝ። ሁሉንም እስከ መጨረሻው አነባለሁ።