በየመንገዱ «አቁምልኝ» ያለችው እናት

«አቁምልኝ ልጄ... እዚህ ጋ አቁምልኝ!»

ቢተው ፍሬኑን ረገጠ... በሆዱ ግን ተሳደበ።

ገና ሞጆን ማለፋቸው ነው፤ ሴትዮዋ ስታስቆመው ግን ይኸው ሁለተኛዋ።

ቅድም ዱከም አካባቢ፣ ዛፍ ጣሪያውን በስቶ የበቀለበት የጣሊያን ዘመን አውቶቡስ አይታ «ጉድ ነው!» ብላ ወረደች።

አሁን ደግሞ... ባርኔጣ የደፋ ሰው የሚመስል ቋጥኝ!

ጊዜው 1970 ዓ.ም.፣ ሐምሌ ነው። ቢተው በአሮጌ ፔጆው ከሃያ ሁለት ማዞሪያ ተነስቶ ወደ ቁልቢ እየሄደ ነው።

ከኋላ የተቀመጠችው እትዬ ትበርህ ናት። ቁልቢ ገብርኤልን ልሳለም ብላ የተሳፈረች።

አጠገቡ ደግሞ ጓድ እሸቴ... የሰፈሩ ቀበሌ ሰው። «ድሬዳዋ ታደርሰኛለህ» ብሎ፣ ሽጉጡን በጃኬቱ ሸፍኖ የገባ። እምቢ የሚለው የለም።

ቢተው በመስታወቱ ትበርህን እያየ ይናደዳል።

አበባ አበባ ያለበት ቢጫ ቀሚስ... ቀይ ሻሽ... ጥፍሯን ሳይቀር ተቀብታለች።

«ስንቱ እናት እንቅልፍ አጥቶ እያደረ፣ ይቺ ሴትዮ ሽርሽር ወጥታለች!» አለ በልቡ።

ትበርህ ከቋጥኙ ጀርባ ብዙ ቆይታ መጣች። ዓይኗ ቀልቷል።

«ነፋሱ...» አለች በሻሿ ጫፍ እየጠረገች።

«ምን አየሽ እትዬ?» አላት እሸቴ እየሳቀ።

«ወይ ጉድ! ቁርጥ ሰው!»

መንገድ ቀጠሉ...

መተሐራን እንዳለፉ፣ ጥቁሩ ድንጋይ ሜዳውን ሞልቶት በሚታይበት ቦታ፣ ደግሞ ጀመረች።

«እዚህ ነፋስ ሲገባበት የሚያገሳ ድንጋይ አለ ይላሉ። እሱን ሳላይማ አላልፍም።»

«እትዬ፣ ሰዓት እላፊ ሳይደርስብን አዋሽ መግባት አለብን እኮ!»

«አንድ ጊዜ ብቻ ልጄ...»

ወረደች... ቆየች... አሁንም ቆየች...

እሸቴ ኮፍያውን ፊቱ ላይ ደፍቶ ያንቀላፋል።

ቢተው ትዕግሥቱ አለቀ። በሩን ወርውሮ ዘጋና ሊጠራት በድንጋዩ መሐል ገባ።

እውነትም ድንጋዩ ያገሳል።

ግን ከማግሳቱ ሥር ሌላ ድምፅ ሰማ...

«ገብረዋሕድ... ወደይ... ልጄ...»

ትበርህ ሻሿን ፈትታ ወገቧ ላይ አስራለች። ደረቷን ትደቃለች... ፊቷን ትነጫለች...

ስታየው ደርቃ ቀረች። ከዚያ እግሩ ላይ ወደቀች።

«በእመቤቴ ማርያም... እንዳትናገርብኝ!»

«ኧረ ይነሱ እትዬ! ምን ሆነው ነው?»

«ልጄን በየካቲት ከቤቴ ወስደው ገደሉት። ሬሳውን መገናኛ መንገድ ዳር ጥለውት አየሁት... እንዳነሳው እንኳ አልፈቀዱልኝም።»



«‹ፀረ አብዮት ነው፤ አይለቀስለትም› አሉኝ። ‹ጥቁር ብትለብሺ፣ ድምፅሽ ቢሰማ፣ ሴቷንም ልጅሽን እንወስዳታለን!› አሉኝ። ግድግዳው ሁሉ ጆሮ አለው። ይኸው እስከ ዛሬ ትራሴን እየነከስኩ...»

«ታዲያ ይሄ ሁሉ አቁምልኝ...?»

«በዚህ መንገድ ብዙ የሚያስገርም ነገር አለ ሲባል ሰማሁ። አገር የምታይ ሴት ማን ይጠረጥራል ብዬ ነው ልጄ...»

«ከቀበሌ ሰው ጋርስ ምን አሳፈረዎት?»

«እሱ የመጣው እኔ ከገባሁ በኋላ ነው። ብወርድ ይጠረጥረኛል።»

ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

«ደግሞም... አታልቅሺ ያለኝ እሱ ራሱ ነው።»

ሻሿን መልሳ አሰረች። ፊቷን ጠረገች። መኪናው ጋ ሲደርሱ ፈገግ አለች።

«እህ... አገሳ?» አላት እሸቴ እያዛጋ።

«አገሳ፣ ጓድ።»

ቢተው ሞተሩን አስነሳ። በመስታወቱ አያት። ለቅሶዋ አልወጣላትም።

እሱ ነው ያቋረጣት!

አዋሽ ሊደርሱ ሲሉ አንድ ባዶ ሜዳ አለ። ከአንዲት ጉብታ በቀር ምንም የሌለበት።

ቢተው ራሱ አቆመ።

«እትዬ፣ ከጉብታው ማዶ የሚታይ ነገር አለ። አይለፍዎት።»

ትበርህ ዓይኑን አየችው... ወረደች።

«ደግሞ እዚህ ምን አለ?» አለ እሸቴ ተቆጥቶ።

«መሬቱ ይጮሃል ይላሉ ጓድ። እስከዚያ ሞተሩን ልየው፣ ጤና የለውም። መሪው ጋ ይቀመጡና ነዳጅ ይርገጡልኝ።»

ኮፈኑን ከፈተ። እሸቴ ረገጠ።

«ጠንከር ያድርጉት ጓድ!»

ሞተሩ ጮኸ...

«ኧረ ይጨምሩበት!»

ሞተሩ አገሩን ቀወጠው። ከጉብታው ማዶ እናት የልጇን ስም በሙሉ ድምፅዋ ጠራች። አታልቅሺ ያላት ሰው ለቅሶዋን በገዛ እግሩ ሸፈነላት... አልሰማም።

«አልበቃውም እንዴ?» ብሎ ጮኸ እሸቴ።

«ትንሽ ይቀረዋል ጓድ... ትንሽ ይርገጡልኝ።»

ቢተው አንገቱን ኮፈኑ ሥር ቀብሮ አብሯት አለቀሰ።

ገብረዋሕድን በዓይኑ አይቶት አያውቅም...

ግን ለቅሶ ደረሰ።

.
.

ወዳጆቼ... ቢጫ ቀሚስ የለበሰ ሁሉ ደስ ብሎት አይደለም። የሰው ሐዘን በልብሱ አይነበብም። ከመፍረዳችን በፊት እንጠይቅ... መጠየቅ ካልቻልን ደግሞ ቢያንስ ቆም እንበልለት።

እናንተስ? በዚያ ዘመን ከቤታችሁ ወጥቶ የቀረ፣ ሳይለቀስለት የቀረ ሰው አለ?

ሌላ ምንም አትጻፉ... ስሙን ብቻ ኮመንት ላይ አስቀምጡልን። ማን ይባል ነበር?