የመጨረሻው ተሳላሚ

ባቡሩን ተከትለው ድሬዳዋ የገቡ ህንዳውያን የጨርቅ ነጋዴዎች አንድ ትንሽ የሂንዱ ቤተ መቅደስ ሠርተው ነበር። ኋላ ግን ነጋዴዎቹ አንድ በአንድ ወደ ሞምባሳና ወደ ቦምቤይ ሄዱ። የቤተ መቅደሱ ጠባቂ ሊሞት ሲል ሴት ልጁን፣ «አንድ ሰው እንኳ ለጸሎት እስከመጣ ድረስ በሩን እንዳትዘጊ» ብሎ አስማላት።

አንድ ሰው ቀረ። የአባቷ ጓደኛ ጋሽ ካንቲላል በየማታው ከዘራውን እየጎተተ ይመጣል፤ ደወሉን ይደውላል፤ አጎንብሶ ተሳልሞ ይወጣል። ሞምባሳ ያለው እጮኛዋ ጠብቆ ጠብቆ ሌላ አገባ። ፀጉሯም ሸበተ። ሽማግሌው ባሳለው ቁጥር «ነገ አይመጣ ይሆናል» ትላለች፤ እንዲህ በማሰቧ ደግሞ ራሷን ትጠላለች። በማግስቱ ከዘራው ደጃፉ ላይ ይሰማል።

አንድ ቀን ግን አልቻለችም፤ እግሩ ላይ ወደቀች።

«ጋሽ ካንቲላል፣ ይማሩኝ። እባክዎ ከእንግዲህ አይምጡ። እርስዎ ከቀሩልኝ መሄድ እችላለሁ።»

ሽማግሌው ግድግዳውን ተደግፎ ቀስ ብሎ ተቀመጠ።

«ልጄ፣ እኔ እኮ መጸለይ ከተውኩ ቆየሁ» አላት። «ልጆቼ ቦምቤይ ሆነው ና ና ሲሉኝ፣ ሚስቴ እዚያው ሳላያት አረፈች። አባትሽ ሊሞት ሲል እጄን ይዞ፣ ‹ልጄ በሩን ዘግታ እስክትሄድ ድረስ ብቻዋን እንዳትተዋት› ብሎ አስምሎኝ ነው የምመጣው።»

አንገቱን ደፋ።

«ዛሬ ትዘጋለች፣ ነገ ትዘጋለች እያልኩ አንቺን ስጠብቅ ኖርኩ።»