የእኩለ ቀን ጎብኚ

አናጺው መጽሐፉን ያገኘው ልጁ ትታው በሄደችው ክፍል፣ ከኮምፒውተሯ አጠገብ ነው። «ዌብ ሰርቨር ለጀማሪዎች» ይላል።

ከሁለት ዓመት በፊት ተናዶ «ዓይንሽን እንዳላይ» ብሏት ነበር። አላሳየችውም። ስልኳንም ቀየረች። የላከላትን ደብዳቤ ጓደኛዋ ፀጉር ሠሪዋ ሳይከፈት መልሳ አመጣችለት።

«እምቢ አለች ጋሼ። እልኳን ያውቁታል።»

«ከማን እንደወረሰችውም አውቃለሁ» አለ።

ስለዚህ ማንም ሳያውቅባት ልታነበው የምትችል የኢንተርኔት ገጽ በመጽሐፉ እየተመራ ሊሠራላት ቆረጠ። መዶሻ በለመደ ጣቱ ፊደል እየለቀመ በቀን አንድ ምዕራፍ ገፋ። አንዲት ነጥብ በሳተ ቁጥር ሊኑክስ የሚባለው የኮምፒውተሯ ፕሮግራም ይቆጣዋል። ሚስቱ በሚቀጥለው ክፍል ልብስ ትሰፋለች።

«አንተ ሰውዬ፣ የሰው ቁም ሣጥን በር ሳይኖረው ከረመ እኮ!»

«ልብሱን አይበርደውም!»

«እንኳን እኔ አልተማርኩት። የኔ ስልክ የደንበኛ ልክ ከያዘልኝ ይበቃኛል።»

በስድስተኛው ምዕራፍ ገጹ ተከፈተ። «ልጄ፣ ጥፋቱ የኔ ነው። ነይ» ብሎ ጻፈበት። አድራሻው በነጥብ የተከፋፈለ ቁጥር ነው። በሁለት ወረቀት ገለበጠው፤ አንዱን እንዳይረሳው ግድግዳ ላይ ለጠፈ፣ አንዱን ለፀጉር ሠሪዋ ሰጠ።

«አየሽው ወይ ብለሽ እንዳትጠይቂያት። ታፍራለች።»

በሰባተኛው ምዕራፍ፣ ገጹን የጎበኘውን ሁሉ ከነአድራሻ ቁጥሩ የሚመዘግብ ዝርዝር አወጣ። በማግስቱ እኩለ ቀን ላይ፣ የስፌት መኪናው ጸጥ እንዳለ፣ አንድ መስመር ብቅ አለ። አንድ ጎብኚ። ቁጥሩ ከእሱ ቁጥር የሚለየው በመጨረሻዋ አኃዝ ብቻ ነው።

«ገባች!» ብሎ ጮኸ። «ቁጥሯ እንኳን እኔን ይመስላል!»

ሚስቱ መጥታ በሩ ላይ ቆመች። አንድ ነገር ልትል አፏን ከፈት አደረገች። ከዚያ ፊቱን አየችው።

«እንዲህ ስትስቅ ካየሁህ ሁለት ዓመቴ» አለችና ወደ ስፌቷ ተመለሰች።

ስምንተኛው ምዕራፍ ገጹን ከቤት ውጭ ላሉ ሰዎች ስለ መክፈት ነበር። ልጁ ግን ገብታለች። መጽሐፉን ዘግቶ መደርደሪያው ላይ አስቀመጠው።

ከዚያ ወዲህ በየጠዋቱ ይጽፍላታል። ከአፉ ወጥቶ የማያውቀውን ሁሉ ይጽፋል። እናቷን አንድ ቀን ሳያመሰግናት ማርጀቱን እንኳን ጻፈ። ጎብኚዋ በየቀኑ እኩለ ቀን ላይ ትመጣለች። አንድም ቀን አልቀረችም።

በአምስተኛው ወር ሚስቱ ታማ ሆስፒታል ገባች። ልብስ ለመውሰድ ወደ ቤት ሲመለስ «እናትሽ ታማለች፣ ድረሺ» ብሎ ጻፈ።

በዚያ ቀን ጎብኚ አልመጣም። በማግስቱም የለም። በሦስተኛው ቀን ሚስቱ አረፈች። መዝገቡ ባዶ ነበር።

በቀብሩ ማግስት ልጁ ከጓደኛዋ ሰምታ መጣች። ፊቷ በለቅሶ አብጦ ደጃፉ ላይ ቆመች።

«አባዬ...»

«አምስት ወር ሙሉ ስታነቢኝ ከርመሽ፣ እናትሽ ስትታመም ተውሽኝ!»

«ምኑን ነው ያነበብኩት? አባዬ፣ ያ ቁጥር እኮ...»

«ዓይንሽን እንዳላይ!»

በሩን ዘጋው። እርምጃዋ ከጆሮው እስኪጠፋ ድረስ ጀርባውን በሩ ላይ ደግፎ ቆየ።

ከዚያ ከሆስፒታል የመጣውን የሚስቱን ቦርሳ ከፈተ። ስልኳ ባትሪ ጨርሷል። ኮምፒውተሩ አጠገብ ሰካውና እስኪበራ ጠበቀ። ፎቶዋን ሊያይ ነበር።

ስልኩን ነካ ሲያደርገው እሱ የጻፈው ገጽ ተከፈተ፤ ወዲያው ኮምፒውተሩ ላይ አንድ አዲስ መስመር ብቅ አለ፤ ቁጥሩ ከእሱ ቁጥር የሚለየው በመጨረሻዋ አኃዝ ብቻ ነው።